በሽመል ዘንግና በፈረስ ጭራ፦ ከአንዲት የጎንደር ጅረት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት መግቢያ

መገጭ ገና ደፍርሶ ነው የሚወርደው። ወደሱ የምትገባዋ ትንሽ ጅረት ግን ቀድማ መጥራት ጀምራለች። ከላይ በኩል የቤተ ክርስቲያን ደን ስላለ አፈሩን ይይዝላታል። ስሟን አልጽፍም፤ አሳ የሚያጠምድ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም።

የያዝኩት ሥራ ይህ ነው። በሌላው ዓለም ትራውት የሚባለውን አሳ በጫካ ውስጥ በሚወርዱ ጠባብ ጅረቶች ላይ በሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም ሱፍና ላባ ታስሮበት ነፍሳት በሚመስል መንጠቆ፣ ያጠምዱታል። ያንኑ ዘዴ ከጎንደር ገበያ በሚገኝ ዕቃ አዘጋጅቼ በእኛው ነጭ አሳ ላይ ልሞክረው ነው።

ትራውት እኛ ጋ የለም። አፍሪካ ውስጥ በተፈጥሮው የሚገኘው በሰሜን፣ በአትላስ ተራሮች ብቻ ነው። ባሌ ውስጥ በወይብና በዳንካ ወንዞች ያለው ከኬንያ መጥቶ በሰው እጅ የተለቀቀ ነው። ለጎንደርም ይምጣ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔ አልስማማም። ትራውት ቀዝቃዛ ውኃ ይወዳል፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሄድ ይጨነቃል። የኛ ጅረት ደግሞ ሚያዝያ ላይ እግር ሲነከርባት ለብ ትላለች። ይህስ ይሁን። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ ወደ 15 የሚጠጉ የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ፣ ግማሽ ያህሉ ሌላ አሳ እያደኑ የሚኖሩ። በርካታዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በመገጭ፣ በድርማ፣ በርብ፣ በጉማራ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ ይራባሉ። እዚያ መሀል እንቁላልና ጫጩት የሚበላ እንግዳ አሳ መልቀቅ እብደት ነው።

በዚሁ ምክንያት ጥቅምት እስኪያልቅ የኔም መንጠቆ ውኃ አይነካም። ሽቅብ የወጣው ወልዶ ይመለስ። እስከዚያ ዕቃው ይሠራ።

ከቅዳሜ ገበያ መልስ

ዘንጉ ከሽመል ነው። ሽመል ከቆላ፣ ከመተማና ከቋራ በኩል ይመጣል። ከደጋው ቀርከሃ የሚለየው ውስጡ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ መሆኑ ነው። ቀርከሃ ክፍት ሆኖ ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ እየቀጠነ ሲሄድ ለመታጠፍ አይመችም፣ ይሰነጠቃል። ሽመል ግን እስከ ጫፉ ሥጋ አለው፣ ተልጎ ተልጎ ስስ ሲሆንም አይከዳም።

ሻጩ ወፍራም ወፍራሙን እያነሳ ያሳየኛል፣ እኔ ከሥር ያለውን ቀጭኑን እጎትታለሁ።

«ለምንድን ነው?»

«ለአሳ።»

«ይሄ እኮ ዶሮ እንኳ አይከለክልም» አለና ዋጋውን ግን እንደ ወፍራሙ ጠራ።

የመረጥኩት አረንጓዴነቱ ለቆት ወደ ቢጫ የሄደ፣ አንጓው የተራራቀ፣ ታችኛው ጫፉ ከአውራ ጣት የማይወፍር ነው። ነቀዝ የገባበት እንዳይሆን የተቆረጠበትን አፍ እያዩ መግዛት ነው፤ ዱቄት ካራገፈ ይቅር።

ጥቅምት አጋማሽ

ማቃናት። ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሽመል በየአንጓው ትንሽ ትንሽ ይጠማዘዛል። ማንደጃ ላይ ከሰሉ ነበልባሉን ጨርሶ ፍም ብቻ ሲቀር አንጓውን ከፍሙ አንድ ጋት ከፍ አድርጎ እያሽከረከሩ ማሞቅ ነው። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ቀጥሎ ላዩ ላይ ወዝ ያወጣል፣ ቆዳው ማብረቅረቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው እሺ የሚለው። ከዚያ በፊት ቢያጥፉት ይመለሳል፤ ወዙ ደርቆ ቡናማ ነጠብጣብ ከጣለ ደግሞ አልፎበታል፣ ያ ቦታ በኋላ ይሰበራል። ወዙ እንደታየ ጉልበት ላይ አድርጎ ወደ ተቃራኒው ትንሽ አሳልፎ ማጠፍና እስኪቀዘቅዝ አለመልቀቅ። እጅ ያቃጥላል፤ አሮጌ ጓንት ይሻላል። ከአንዱ አንጓ ወደ ሌላው ሲሄዱ ዓይንን ከታችኛው ጫፍ ጋር አስተካክሎ ርዝመቱን ማየት ነው፤ ያቃኑት አንጓ የሚቀጥለውን ጥማዘዛ ያጋልጠዋል።

ጫፉን በቢላ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አቀጠንኩት። ቆዳው ላይ ያለው ቃጫ ነው ጥንካሬው፣ ስለዚህ የሚነሳው ከአንድ ወገን ብቻ ነው፤ በዙሪያው ከተላገ ሽመሉ ልምጭ ይሆንና ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያልተላገው ወገን ወደ ላይ ዞሮ ሲያዝ ክብደቱን ይችላል።

ርዝመቱ 2 ሜትር ከ90። ጃፓኖች ተንካራ በሚሉት፣ ሪል (የክር መጠቅለያ) በሌለውና ክሩ ዘንጉ ጫፍ ላይ በሚታሰርበት ዘዴ ከዚህ የረዘመ ዘንግ ይይዛሉ። እኛ ጋ ዶቅማውና ሾላው ከላይ ተጋጥመዋል፣ ረጅም ዘንግ ከቅርንጫፍ ጋር መጣላት ነው ትርፉ። መሀሉ ላይ ቆርጬ ሁለቱንም ጫፍ በሰያፍ አዘጋጀሁ፤ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደራረቡና በናስትሮ ይጠቀለላሉ። ሚኒባስ ውስጥ 3 ሜትር የሚጠጋ ዘንግ ይዞ የገባ ሰው ረዳቱ ምን እንደሚለው ያውቃል።

ላዩን የተልባ ዘይት ቀባሁት፣ ስስ አድርጌ፣ እያደረቅኩ። የተልባ ዘይት የሚደርቀው ተኖ ሳይሆን ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ነው፣ ለዚህ ነው ቀናት የሚፈጀው። የተቀባበትን ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ ጥግ አትጣሉት። በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግቶ ማድረቅ፣ ከዚያ መጣል።

ጥቅምት መጨረሻ

ክሩ። ገበያ ላይ ዝንብ ማባረሪያ ጭራ ይሸጣል፤ ነጩን መርጬ ገዛሁና ፈታሁት። ዝንብ ለማባረር የተሠራው ዕቃ ዝንብ ሊወረውር ነው። ጸጉሩ በውኃ ተነክሮ ካልራሰ ቋጠሮ ላይ ይሰበራል፤ ስለዚህ ጣሳ ውኃ አጠገብ ይቀመጣል።

አሠራሩ ከወፍራም ወደ ቀጭን ነው። ዘንጉ ላይ የሚታሰረው ክፍል አሥር ጸጉር፣ ቀጣዩ ስምንት፣ ከዚያ ስድስት፣ መጨረሻው አራት። እያንዳንዱ ክፍል ለሁለት ተከፍሎ ለየብቻው ወደ ቀኝ ይከረራል፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ ግራ ይገመዳሉ፤ ያን ጊዜ እርስ በርሱ ይያያዝና አይፈታም። ጋቢ የሚፈትሉ እናቶች ይህን ከኔ በተሻለ ያውቁታል። እናቴ አንዴ አይታ «አላላኸው» ብላ ነጥቃ ጨርሳልኛለች፤ የሷ ሁለት ክፍሎች እስካሁን ከኔው ይበልጣሉ።

ክፍሎቹ ተቀጣጥለው ወደ 2 ሜትር ተኩል መጡ። ጫፉ ላይ አንድ ሜትር የማይሞላ ቀጭን ናይሎን። የፈረስ ጭራ ጥቅሙ ክብደቱ ላይ ነው፦ ለመወርወር የሚበቃ ሸክም አለው፣ ግን ስስ ስለሆነ ውኃው ላይ ሲተኛ አይረብሽም።

ኅዳር 3

ያለ መንጠቆ ጅረቷን ወጣኋት። ቦት ጫማ ለብሼ። በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መቆም ቢልሃርዝያ መጋበዝ ነው፣ በጣና ዙሪያ በሽታው እንዳለ ሁሉም ያውቃል።

ልብስ ከሚታጠብበት በታች ድንጋይ ብገለብጥ ምንም የለም። ከማጠቢያው በላይ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄጄ ስገለብጥ ግን ድንጋዩ ሥር ሞልቷል፦ ሦስት ጭራ ያላቸው ጠፍጣፋ ጥቃቅን፣ ከጠጠር ቤት ሠርተው በውስጡ የሚኖሩ ትሎች። ሳሙናውም እንዶዱም ሥራውን ሠርቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል የታወቀው ከዚያ ተነስቶ ነው። ለጤና ትልቅ ነገር ነው። እንዶድ ለአሳ ግን መርዝ ነው። ማጥመጃዬ ከማጠቢያው በላይ ነው የሚጀምረው።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ በኋላ ደኑን የሚጠብቁትን አባ አገኘኋቸው።

«አባ፣ ከደኑ ሥር ባለው ውኃ አሳ ላጠምድ አስቤ ነበር።»

«ብርብራ ነው የምትበትነው?»

«አይደለም፣ ይኸው በዚህ ዘንግ ነው።»

ዘንጉን ተቀብለው አወዛወዙት። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን አሳው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ትንሹም አብሮ ያልቃል። እሳቸው የሚፈሩት ይህን ነው፣ ልክም ናቸው።

«አጥምድ። ቅርንጫፍ ግን እንዳትቆርጥ። ውኃው አላፊ ነው ልጄ፣ ዛፉ የታቦቱ ነው።»

ይህቺ አንዲት ቃል የአወራወሬን ነገር ወሰነችው። ቅርንጫፍ አይቆረጥም ማለት ወደ ኋላ ክር የሚዘረጋበት ቦታ የለም ማለት ነው።

ኅዳር አጋማሽ

ዝንቦቹ። ትንንሽ መንጠቆ ጎንደር ላይ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ገበያ ያለው ለአምባዛ የሚሆን ነው። 10 እና 12 ቁጥር ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ላከችልኝ። ሌላው ሁሉ የአገር ነው።

የመጀመሪያው ዝንብ እንዲህ ይሠራል። የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቆ ማስተኛት፤ አሳው ሳይቀደድ እንዲለቀቅ ነው። መንጠቆውን ትንሽ ሞርሳ ላይ ማጥበቅ። የልብስ ሰፊ ክር በጧፍ ሰም ማሸት፣ ሰሙ ክሩን ያጣብቀዋል፣ እጅ ላይም አያንሸራትት። ከባና ላይ ጥቂት ጥቁር ሱፍ ነቅሎ ክሩ ላይ ማዞር፣ ሰውነቱ እሱ ነው። ከዚያ ከገብስማ አውራ ዶሮ አንገት ላይ አንድ ላባ ወስዶ ጫፉ ወደ መንጠቆው ዓይን እንዲያጋድል አድርጎ ሁለቴ ሦስቴ መጠምጠም። ወደ ፊት ያጋደለው ላባ ክሩ ሳብ ለቀቅ ሲደረግ ይከፈታል ይዘጋል፣ ነፍስ ያለው ይመስላል። ከ1,800 ዓመት በፊት ግድም መቄዶንያ ውስጥ ቀይ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ መንጠቆ ላይ አስረው ያጠምዱ እንደነበር ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙም የተለወጠ ነገር የለም።

ላባውን ከየት አመጣኸው ለሚል፦ ገብስማው የጎረቤት ነው፣ ለበዓል ሲታረድ አንገቱን ለመንኩ። ቀይም ተገኝቷል። ገብስማው ግን ውኃ ውስጥ ሲታይ ግራጫና ነጭ መስመሩ እየተንቀጠቀጠ የሚሮጥ እግር ያስመስለዋል፣ ከቀዩ እመርጠዋለሁ።

ኅዳር መጨረሻ

ውኃ ላይ። ጠዋት፣ ጤዛው ሳይደርቅ።

አወራወሩ ይህ ነው፦ ዝንቧን በሁለት ጣት መንጠቆው መታጠፊያ ላይ መያዝ፣ ዘንጉን ወደ ፊት መዘርጋት፣ ክሩን ወደ ኋላ ስቦ ጫፉን ማጉበጥ፣ ከቅርንጫፎቹ ሥር ባለው ክፍተት ላይ አነጣጥሮ መልቀቅ። ቀስት ነው በቃ። ዝንቧ ከመሬት ሁለት ክንድ ከፍታ ላይ ትሄድና ከቅጠሉ ሥር ትገባለች። ክሩ ረጅም እንዲሆን አይገባም፤ ከዘንጉ በጣም ከረዘመ ጫፉ ጎብጦም አይወጠርም።

ላም የሚጠብቅ ልጅ ከማዶ ቆሞ ያየኛል። «ጋሼ፣ ልሞክር?» አለኝና ዘንጉን ተቀብሎ ጅራፍ እንደሚያጮህ በሙሉ ክንዱ ሰነዘረው። ክሩ ጮኸ፣ ዝንቧም ዶቅማው ላይ ቀረች። ዛፍ ላይ ወጥቶ አወረዳት፤ ቅርንጫፍ አልቆረጠም። ከዚያ ላይ ሆኖ ግን «አሳዎቹ እዚህ ሾላው ሥር ናቸው፣ አንዱ ላይ አንዱ ተደራርበው!» ብሎ ጮኸ። እኔ ከታች ሆኜ የውኃውን ነጸብራቅ ነበር የማየው።

የትራውት ትምህርት የሚሠራበት ቦታ አለ። አሳ አፍንጫውን ውኃው ወደሚመጣበት አድርጎ ስለሚቆም ከታች ወደ ላይ መቅረብ፤ ይህ ይሠራል። አሳ ከውኃ ውስጥ ሆኖ የውጩን የሚያየው ከራሱ በላይ ባለ 97 ዲግሪ ገደማ ስፋት ባለው ክብ መስኮት በኩል ነው፣ ዝቅ ያለ ነገር ጠርዙ ላይ ተጨፍልቆ ስለሚታየው ጎንበስ ብሎ መሄድ ይጠቅማል፤ ይህም ይሠራል። ልዩነቱ ሌላ ጋ ነው። ትራውት ብቻውን ቦታ ይዞ ይቆማል፣ አንዱ ቢሸሽ ሌላው ይቀራል። ነጭ አሳ በመንጋ ነው፤ አንዱ ከደነገጠ ኩሬው ሙሉ ባዶ ይሆናል። መንጋው ውስጥ የመጨረሻውን፣ ወደ እኔ የቀረበውን ብቻ ሞክሮ ከያዘ ወደ ታች መሳብ ነው።

ከጅረቷ ጠጠር ላይ አንድ መዳፍ ተኩል የሚሆን ነጭ አሳ መጣ። ጎኑ ወደ ወርቅማ የሚያደላ፣ ቅርፊቱ ትልልቅ፣ ከንፈሩ ጥግና ላዩ ላይ ሁለት ሁለት አጫጭር ጢም። አፉ ወደ ፊት ተዘርግቶ ወጥቶ ይመለሳል። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። እጄን አርሼ መንጠቆውን ነቀልኩ፣ ሄደ። ድንጋይ ላይ ተለጥፎ አረንጓዴ የሚፍቀው ትንሹ አሳ ደግሞ ዝንብ አያይም፤ እሱን መተው ነው።

ታኅሣሥ መግቢያ

ሾላው ሥር ያሉት ግን ገብስማዋን ዝንብ ዞር ብለው አላዩዋትም። በቀስታ ሳስተኛት፣ ላባዋ ብቻ ውኃውን ሲነካ፣ ምንም። ልጁ ከላይ ሆኖ «አዩዋት፣ ተዉአት» ይላል።

ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ነፋስ ሲመጣ የበሰለ የሾላ ፍሬ ውኃው ላይ ጠብ ይላል። ጠብ ባለ ቁጥር መንጋው ሁሉ ወደ ድምፁ ይዞራል። አንዱ ይቀድምና ይውጠዋል። ዝም ብሎ ተንሳፍፎ የሚያልፈውን ፍሬ ግን ብዙ ጊዜ አይነኩትም።

ምክንያቱ ጆሯቸው ነው። የነጭ አሳ ወገን፣ ካርፕንም ጨምሮ፣ ውስጡ ያለውን የአየር ከረጢት ከጆሮው ጋር የሚያገናኙ ትንንሽ አጥንቶች አሉት። ከረጢቱ በድምፅ ይርገበገባል፣ አጥንቶቹ ወደ ጆሮ ያደርሱታል። ትራውት እነዚህ አጥንቶች የሉትም። ስለዚህ «ዝንቧን ሳይሰማ አሳርፍ» የሚለው የትራውት ሕግ እዚህ ተገልብጧል። እግር ድንጋይ ላይ ቢያንኳኳ ከትራውት ቀድሞ ይሰማል፣ ይሸሻልም፤ የምግብ ድምፅ ሲሰማ ግን ይመጣል።

ማታ የሾላ ዝንብ ሠራሁ። 10 ቁጥር መንጠቆ፣ ከላዩ ቀይና ቡናማ ሱፍ ተደባልቆ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተጠመጠመ፣ በመቀስ ክብ ሆኖ የተከረከመ። ላባ የለውም። ሰሙ ሱፉ ውስጥ ስለገባ ክብደት አለው፣ ሲወድቅ ጠብ ይላል።

ታኅሣሥ አጋማሽ

ሾላው ሥር፣ ከዛፉ በስተታች ተንበርክኬ። አሁን ዝንቧን በቀስቱ ወደ ላይ ነው የምልካት፣ ቅርንጫፉ ሥር ደርሳ በቀጥታ እንድትወድቅ። ጠብ። ሦስት ጥላ ዞረ። ክሩ ቀጥ አለ።

ከዚህ ኩሬ ከያዝኳቸው ትልቁ ይህ ነው፣ ከክንድ ትንሽ ያንሳል። ሽመሉ እስከ እጀታው ጎበጠ፣ የእናቴ ቋጠሮ ያዘ። ፍሬውን የሚውጡት ፈጥነው ስለሆነ ክሩ እንደቆመ ወዲያው ማንሳት ያስፈልጋል፤ ቢዘገይ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፣ እሾህ የሌለው መንጠቆ እንኳ ከዚያ ሲወጣ ይጎዳዋል።

ነፋስ በሌለበት ቀን የሾላ ዝንብ ያን ያህል አትሠራም። ፍሬ ሳይወድቅ ብቻዋን ጠብ ስትል የሚጠራጠሩ ይመስለኛል።

ጥር፣ ጥምቀት ሰሞን

ቀሃ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ እየተሞላ ነው፣ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል። ወደ ጅረት አልወጣሁም።

ጥር መጨረሻ

ውኃው ወርዷል። ከላይ ሽንኩርት የሚያለሙ ሰዎች ሞተር ፓምፕ ጥለዋል፣ ቀን ቀን ኩሬው በግልጽ ይጎድላል፣ ማታ ይመለሳል። እነሱም ይኖሩበታል፣ ክርክር አልገባም። አሳው ግን ሾላው ሥር ተከማችቷል፣ ሲሞቅ ደግሞ አየሩ ያንሰዋል፤ እንዲህ ያለ ጊዜ መያዝና መልቀቅ ብዙውን ይገድላል። ከዚህ በኋላ የማጠምደው ጠዋት ብቻ፣ ወራጅ ባለበት ጠጠር ላይ፣ በገብስማዋ ነው። ኩሬውን እስከሚቀጥለው ኅዳር ትቼዋለሁ።

ልጁ የራሱ ዘንግ ይፈልጋል። ሽመሉ ተገዝቷል፣ ጣሪያ ሥር ድንጋይ ተንጠልጥሎበት እየደረቀ ነው። 2 ሜትር ከ40 አደርገዋለሁ፤ ቁመቱም አጭር ነው፣ አወራወሩም ኃይለኛ ስለሆነ ጫፉን ከኔው ትንሽ ወፈር አድርጌ እተወዋለሁ። ክሩን እናቴ ትገምደዋለች ተብሏል፣ ጭራው ግን ከበፊቱ ረዘም ያለ ይሁን ብላለች።